ባለ ሁለት ሜትሩን መወጣጫ ላሠሩልን ክቡር ኃላፊ

ለሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ማስዋቢያና ተደራሽነት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ድሬ ዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ እኔን ከነዊልቸሬ በአራት ጥበቃዎች አሸክመው አራት ደረጃ አስወጥተውኛል። አልለመንኩም፣ አልፈቀድኩም፣ «አውርዱኝ!» ብዬም ሦስት ጊዜ ጮኬአለሁ። ይህን ካልኩ ዘንዳ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለሁለቱ ጉልበቶችዎ የማይጓደል ጤና እመኛለሁ።

ደብዳቤው ለሕዝብ የተከፈተ ስለሆነ፣ የማያውቀኝ ሰው እንዳይደናገር ጥቂት ላስረዳ። ስሜ ሰይፈ ሚካኤል ይትባረክ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጥገና ሠርቻለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ፉርጎ ላይ የተጻፈውን እየተከተልኩ ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት ጋር አንድ ግቢ የሚጋራው የሕዝብ ንባብ ቤት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ከእሑድ በቀር በየጠዋቱ እዚያ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት የስኳር በሽታ ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች ወሰደው፤ ቀኙም ብቻዬን አልችልህም አለኝ። ከዚያ ወዲህ በእኔና በመጻሕፍቱ መካከል አራት ደረጃ ቆመ። ማመልከቻ ጻፍኩ። ሰባት ጊዜ ጻፍኩ። ከሰባተኛው በኋላ መወጣጫ ተሠራልን። ስለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ምስጋናዬ ግን ዝርዝር ስላለው ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዳገቱ። ባለቤቴ የኔነሽ «ኧረ ሰው ያየናል!» እያለች የሜትሩን ጫፍ ይዛልኝ፣ እኔ ውኃ ልክ አስቀምጬ ለካሁት። ከፍታው ሰማንያ ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ነው። በእኔ ዘመን ባቡር በመቶ ሜትር ርቀት ሦስት ሜትር የሚወጣ ዳገት ሲገጥመው ሞተሩ ያቃስት ነበር፤ ጎማው እንዳይንሸራተትም ሐዲዱ ላይ አሸዋ ይነሰነስለት ነበር። የእርስዎ መወጣጫ በዚያው ስሌት በመቶ ሜትር አርባ ሜትር ይወጣል። በአንድ ሽማግሌ ሁለት ክንድ ላይ ይህን ያህል መተማመን ያሳየኝ የመንግሥት ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ፣ በአሸዋው ፈንታ ስላነጠፉልን ሴራሚክ። ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ፊት ያሳያል። ለእኛ ክብር ሲባል ተራ ሲሚንቶ እንዳይሆን መታሰቡን ሰምቻለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ፋዱማ ደግሞ ሥራዋን የምታከብር ሴት ስለሆነች በየጠዋቱ በሳሙና ታጥበዋለች። ዴቃ የምትባል በክራንች የምትሄድ የመጋላ ሰፈር ተማሪ ለፈተና ልትዘጋጅ መጥታ ሞከረችው፤ ወጥታ ሳትጨርስ ወርዳ ጨረሰች። ከታች ተቀምጣ ክራንቿን እየሰበሰበች፣ «አቦ ጋሼ፣ መውረዱ ላይ እንኳ አንደኛ ነው!» አለችኝ። ልጅቷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ክርኗ ተልጦ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መደገፊያው ብረት። የአገራችንን ፀሐይ እርስዎም ያውቋታል። ከአራት ሰዓት በኋላ ጥበቃው ሃሺ ራሱ ሽርጡን አጥፎ ካልያዘው በቀር ብረቱን አይነካውም።

አራተኛውን ነገር ወደ ኋላ ያስቀረሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። የምረቃው ዕለት በመወጣጫው እግር ላይ ቀይ ጥብጣብ ተወጥሮ ነበር። የክብር እንግዳው ሳይቆርጡት ማንም እንዳያልፍ ታዘዘ፤ ይህ ያለ የነበረ ወግ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን በመርሐ ግብርዎ አምስተኛ ተራ ላይ «ተጠቃሚው ከላይ ሆነው እንግዳውን በጭብጨባ ይቀበላሉ» የሚል ተጽፎ ተገኘ። ተጠቃሚው እኔ ነበርኩ። መወጣጫው ገና ስላልተመረቀ ልወጣበት አልችልም፤ ካልወጣሁ ደግሞ የሚያጨበጭብ አይኖርም። ይህን የመሰለ ጥልቅ ችግር የፈቱት እርስዎ ነዎት፤ በእጅዎ ምልክት ሰጡ፣ አራቱ ጥበቃዎች አነሡኝ። ሃሺ በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ ወላሂ ይቅር በለኝ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ። እሱን ይቅር ብዬዋለሁ።

ሰባ አራት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ከእናቴ ጀርባ ከወረድኩ ወዲህ በጤናዬ ቀን ሰው አንሥቶኝ አያውቅም። እግሬ የተቆረጠ ዕለት እንኳ ከአልጋው ወደ ወንበሩ በራሴ ክንድ ተሻግሬአለሁ። በዚያን ቀን ግን የማውቀው ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ አየር ላይ ተንጠለጠልኩ።

ከዚያ ጥብጣቡ ተቆረጠ። የክብር እንግዳው በአዲስ ጫማ ሴራሚኩን ረገጡ። ወደቁ አልልም፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘው አደረሷቸው፤ ለእኔ አራት፣ ለእሳቸው ሁለት ብቻ መመደቡ ያደረጉልኝን ክብር ያሳያል። አጨብጭቤ አልተቀበልኳቸውም። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ በዚያው ደረጃ ተሸክመው አወረዱኝ። ስለዚህ መወጣጫው በተመረቀበት ቀን አንድም ጎማ አልተሽከረከረበትም። ከሳምንት በኋላ በግቢው በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ፤ እኔ አየር ላይ ነኝ፣ አፌ ተከፍቷል፣ ሥሩ ላይ «ነዋሪዎች ደስታቸውን ሲገልጹ» ተብሎ ተጽፏል። አፌ የተከፈተው ሦስተኛውን «አውርዱኝ!» ስል ነበር።

አሁን የት እንደማነብ ላሳውቅዎ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም እንዳያነሣኝ ምያለሁ፤ ጎረቤቶቼ ለምነውኛል፣ ሚስቴ ተቆጥታኛለች፣ ሐሳቤን አልለወጥኩም። የማነበው መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ነው፤ ከሀ ጀምሬ «ተ» ላይ ደርሻለሁ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ደግሞ በደንቡ ከክፍሉ መውጣት አይችልም። የንባብ ቤቱ ኃላፊ ፋርሒያ ደንብ የማትሰብር፣ ሰውም የማታሳዝን ሴት ናት። መጽሐፉን ከውስጥ በኩል መስኮቱ ደፍ ላይ ትዘረጋልኛለች፤ እኔ ከውጭ፣ ከአሮጌ ጠረጴዛ በተነቀሉ ሁለት ሳንቃዎች ላይ ወንበሬን ከፍ አድርጌ፣ እጄን በፍርግርጉ አስገብቼ ገጹን እገልጣለሁ። «መጽሐፉ አልወጣም፣ የጋሼ ዓይን ነው የገባው» ብላ ለተቆጣጣሪ አስረድታለች፤ ተቆጣጣሪውም ደንቡን ሁለት ጊዜ አንብቦ ስለ ዓይን የሚል አጥቶበት ተመልሷል።

ሆኖም ፀሐይዋ አምስት ሰዓት ላይ መስኮቱን ስትይዘው ማንበቤን አቆማለሁ። በቀን ሦስት ገጽ ብቻ እሄዳለሁ። የዓይን ሐኪሜ ደግሞ ስኳሩ ወደ ዓይኔ መምጣት መጀመሩን ነግሮኝ፣ የማነበው ካለ ዛሬ ነገ እንዳልል መክሮኛል። «ፐ» ሳልደርስ እንዳይጨልምብኝ እፈራለሁ። ፍርሃቴን ለሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቦታ ጠበበ እንዳይሉኝ እሱንም ለካሁት። ትክክለኛ መወጣጫ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ለዚህ ደረጃ ዘጠኝ ሜትር ከስድሳ ይበቃል። ከግቢው በር እስከ ንባብ ቤቱ በር አሥራ ሦስት ሜትር አለ። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን የያዘው ለእርስዎ መኪና የተሠራው የቆርቆሮ ጥላ ነው። መኪናዎ አራት ጎማ አለው፤ የእኔም ወንበር አራት ጎማ አለው። የእርስዎ ሜዳ ላይ ቆሞ ጥላ ያገኛል፣ የእኔ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዳገት ይጠብቃል። ከግቢው ማዶ ግን ሦስት መኪና የሚያስጠልል የኒም ዛፍ አለ፤ ያለ ቆርቆሮ፣ ያለ ምረቃ ያስጠልላል። መኪናዎ ወደዚያ ቢዛወር፣ መወጣጫው ረዝሞ በሸካራ ሲሚንቶ ቢሠራ፣ መደገፊያው እንጨት ቢለብስ፣ እኔም ዴቃም በራሳችን እንገባለን። ሥዕሉን በልኩ ሠርቼ ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ። ጥብጣብ አያስፈልገውም።

መኪናዎን ከፀሐይ የሚጠብቀውን አምላክ እኛንም እንዲያስበን እየለመንኩ፣ በወንበርዎ ላይ ለረጅም ዘመን ያቆይዎ ዘንድ፣ ወንበርዎም ጎማ የሌለው ስለሆነ ወደየትም እንዳያንከባልልዎ በመመኘት፣ በታላቅ አክብሮትና ከአራት ደረጃ በታች ሆኜ እሰናበታለሁ።

ሰይፈ ሚካኤል ይትባረክ
የቀድሞ የባቡር ጥገና ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ወድጄ አይደለም። በሥርዓቱ ላስገባ መጥቼ ነበር፤ የእርስዎ መዝገብ ቤት ፎቅ ላይ መሆኑን የነገሩኝ ጸሐፊዎ «ምንም ችግር የለም አባባ፣ ልጆቹን ጠርተን እናስነሣዎታለን» ስላሉኝ፣ አመስግኜ ወጥቼ ከባነሩ አጠገብ ለጠፍኩት። መልስ ካለዎት ከእሑድ በቀር በየጠዋቱ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት መስኮቱ ሥር አለሁ፤ ደረጃ የለውም፣ በራስዎ እግር መምጣት ይችላሉ። ስለ መወጣጫው እስኪመሽ እንነጋገራለን። ስለ መሸከሜ ግን እዚህ ጽፌአለሁ፣ ጨርሻለሁ፤ ይቅርታ ይዘው ቢመጡም፣ ሽልማት ይዘው ቢመጡም፣ ከእንግዲህ ከአፌ አንድ ቃል አይሰሙም።