ማሰሮውን አንደፋም

ለተከበሩና ለምወድዎ እናቴ፤ ባሉበት፣ ጋዝጊብላ

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ እንደሚብስብዎ ስለማውቅ፣ ለመሳለም ሲሄዱ አቀበቱ ላይ አረፍ እያሉ እንደሚወጡ ተስፋ አለኝ። የገብሱ ቡቃያ እንዴት ነው? ጥጃዋስ ጠናች? እኛ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን። «እኛ» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ማለቴ ነው። ጆሮዎ እንዲለምደው ደጋግሜ እጽፈዋለሁ።

ይህን የሚያነብልዎ የአጎቴ ልጅ ዲያቆን ምሳው እንደሆነ አውቃለሁ። ምሳው ድምፁ ያምራል፤ የማይጥመውን መስመር መዝለልም ይችልበታል። ምሳው፣ ወንድሜ፣ ዛሬ አትዝለል። እንዳለ አንብብላቸው።

ባለፈው ሳምንት ምሳው ራሱ ሰቆጣ ድረስ መጥቶ መልእክትዎን አድርሶኛል። የአባቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ደርሷል፤ የበኩር ልጅ ነህና መጥተህ እንግዳውን ተቀበል ብለዋል። ጨምረውም ብቻህን ና፣ ሴትዮዋም ያ የሚሸት ነገሯም ደጄን እንዳይረግጡ ብለዋል። ምሳው ይህን ሲነግረኝ ባለቤቴ ጓዳ ነበረች። አንዲት ቃል አላመለጣትም። ወጥታ ግን ለምሳው እግሩን የሚታጠብበት ውኃ አቀረበችለት፤ ምሳም አበላችው። ምን እንደበላ ነግሮዎት ከሆነ አላውቅም። ሁለቴ አስጨምሯል።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን የሆነውን ሁሉ ከእኔ አፍ እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። እስካሁን የሰሙት ከገበያተኛ ነው።

ባለቤቴ ዩንሂ ከኮሪያ ወደ ሰቆጣ የመጣችው ጦርነቱ እንደበረደ፣ ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ውስጥ በረኃብ የተጎዱ ሕፃናትን የምታክም ነርስ ሆና ነው። ከእናቶቹ ጋር በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ የሚያነጋግራት ሰው ሲጠፋ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት መልስ እኔ ተጠራሁ። በዚያው ቀረሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በዐቢይ ጾም ላሳይዎ ይዣት የመጣሁት እርስዎን አክብሬ ነው። እሷም ያላትን ይዛ መጣች። ከአገሯ በትንሽ ዕቃ ይዛው የመጣችውን፣ በጭልፋ ጫፍ እየቆጠበች የምትበላውን ዴንጃንግ። ዴንጃንግ ማለት አኩሪ አተር ተቀቅሎና ተወቅጦ፣ ሻጋታ ይዞ፣ በጨው ውኃ ከርሞ የሚወጣ ቡናማ ሊጥ ነው። እንስሳ አልነካውም፤ ቅቤ የለበትም። የጾም ምግብ መሆኑን ጠይቃ አረጋግጣ ነው በጎመንና በድንች ወጥ የሠራችልዎ። በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ አቀረበችልዎ።

እርስዎ አሸተቱት። ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት «የበሰበሰ ነገር በጾም ቤቴ አይገባም» አሉና ከአጥሩ ጀርባ ደፉት። ውሻ እንኳ ሳይቀምሰው አፈር ዋጠው።

አላለቀሰችም። ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጨው አብዝቼበት ይሆን?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ያውቃሉ። ተጠመቀች፤ ወለተ ሐና ተባለች፤ በቁርባን ተጋባን። ለሠርጉ የላክሁትን ሽማግሌ አልተቀበሉም። እኔም ሁለተኛ አልላክሁም፤ አሁንም አልልክም።

የዛሬ ዓመት በሐምሌ ወለተ ሐና አረገዘች። ጽንሱ ከያዘ ጀምሮ እህል እምቢ አላት። የእንጀራ ሽታ ያስመልሳታል፣ ሽሮው ያስመልሳታል፣ ውኃ እንኳ አልረጋላት አለ። ስንቱን ሕፃን ከሞት አፍ ያወጣች ሴት ለራሷ ግሉኮስ ሰክታ አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሙ ወደ ደሴ ሪፈር ልጻፍ ቢልም መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ፣ የምትጠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዴንጃንግ። ያቺ ትንሽ ዕቃ ደግሞ ካለቀች ቆይታለች።

በሰቆጣ ያልጠየቅሁት ሱቅ የለም። አንዱ ጋ በጠርሙስ ያለ ጥቁር የአኩሪ አተር ውኃ አገኘሁ። ቀምሳ «ይህ ስኳር የገባበት ቀለም ነው» ብላ መለሰችልኝ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ከኮሪያዎች ሱቅ ገዝቶ ላከልኝ፤ ዕቃው ወልድያ ደርሶ እዚያው ቀረ። እንግዲህ ካልተገኘ እንሠራዋለን አልኳት። «እኔ ሠርቼ አላውቅም፤ የምታውቀው እናቴ ናት» አለችኝ።

እናቷ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ አናግራት አታውቅም ነበር። አገሩን አላውቀው፣ ሰውየውን አላውቀው፣ ከእንግዲህ ልጅ የለኝም ብላታለች። እንዲህ የሚሉ እናቶች በአንድ አገር ብቻ ያሉ መስሎኝ ነበር።

ደግፌያት ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ ወጣን። ደወለች። ተነሣ። ወለተ ሐና በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀች። ከዚያ ከባሕር ማዶ ልቅሶ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ቁጣ። ምን እያለች ነው አልኳት። «ጨው እንዳትሰስቺ እያለች ነው» አለችኝ፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

አኩሪ አተሩ የተገኘው ወይዘሮ ጥሩአየሁ የሚባሉ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሴት ዘንድ ነው። ለሕፃናት ገንፎ ዱቄት ሊቀላቅሉት ከጎጃም ያስመጡት ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀቀልነው። የወቀጥኩት እኔ ነኝ። አዎን፣ የቄሱ ልጅ፣ መምህሩ፣ በጠራራ ፀሐይ ሙቀጫ ፊት ቆሜ ዘነዘና አነሣሁ። ጎረቤቱ ሳቀ፤ ተማሪዎቼም አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሳቁ። ይሳቁ። የጡብ ቅርጽ አስይዘን በስንዴ አገዳ ጠፍረን ጣሪያው ላይ ሰቀልነው።

ሲሰነብት ሻጋታ አወጣ፤ መሽተትም ጀመረ። ይሸታል፤ አልዋሽዎትም። አከራያችን ገብረ ሊባኖስ በሩን በርግዶ ገባና «ቤቴ ውስጥ ሬሳ ነው የሰቀላችሁት?» አለ። ወይ እሱ ይወጣል ወይ እናንተ ትወጣላችሁ አለን። «አብረን እንወጣለን» አልኩት። በዚያው ቀን እነዚያን ጡቦች በአጣና ላይ አንጠልጥዬ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ሰው ሁሉ እያየን በአስፋልቱ መካከል አለፍን። ወለተ ሐና ከኋላዬ፣ ወገቧን ይዛ፣ ቀና ብላ ትሄዳለች። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከወፍጮ ቤታቸው ጀርባ ክፍል ሰጡን፤ አሁንም የምንኖረው እዚያው ነው።

ከዚያ ጡቦቹን አጥበን በትልቅ ማሰሮ በጨው ውኃ ዘፈዘፍናቸው። ሽታውንና ትሉን እንዲያርቅ ከሰልና ደረቅ በርበሬ ይጨመርበታል። ምሳው በጥር መጥቶ ይህንን አየና «ከሰልና በርበሬ በማሰሮ ይንሳፈፋል፤ መተት ነው» ብሎ ነገረዎት። ምሳው፣ ይህቺንም አንብባት። መተት የሚያውቅ ሰው አከራይ ሲያባርረው ዝም ብሎ ይወጣል?

ወደ ኋላ ግን ልመለስ። ጡቦቹ ገና ተሰቅለው ሳለ ነው ነገሩ የከፋው። ሊጡ ወራት ይፈልጋል፤ ወለተ ሐና ደግሞ ወራት የሚያቆያት ሥጋ አልቀረላትም። አንድ የገበያ ቀን ከወደ እናንተ ማር እያመጣ የሚሸጠው ካሤ በራችንን አንኳኳ። አንድ ማሰሮ ከአህያው አወረደ፤ አፉ በኮባ ተሸፍኖ በጨርቅ ታስሯል። ማን ላከው አልኩት። «አንዲት ሴት» አለኝ። የማን ሴት? «ስሜን ከጠራህ ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ ብላኛለች» አለና አህያውን እየነዳ ሄደ።

ፈታሁት። ስልጆ ነው።

ሽታው ሲመጣ ወለተ ሐና ሮጣ የምትወጣ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁላት። እሷ ግን ወደ ማሰሮው መጣች። ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ጣቷን ነክራ ላሰች። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዳቦ አምጣልኝ አለችኝ። በላች። ተቀምጬ ጠበቅኋት፤ አላስመለሳትም። ጨለምለም ሲል ደግማ በላች። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለዎት? «ይህን የሠራች ሴት እናቴን ታውቃታለች» አለችኝ። ባቄላ ተፈጭቶ፣ ቦክቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ በጾም የሚበላ። በመልክ ባይመስልም በነፍስ የዴንጃንግ እህት ነው።

ከዚያ በኋላ ካሤ በየገበያው ቀን ባዶውን ማሰሮ ወስዶ ሙሉውን ያመጣ ጀመር። ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ጤና አዳሙ ለሽታ ያህል ብቻ ነካ የተደረገበት። እንዲህ አድርጋ የምትሠራ አንዲት ሴት ብቻ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ ጣቴን ስነክር በማማሰያ እጄን የምትለኝ። ስሟን አልጽፍም። ምሳው ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ሴትዮዋም በሰው ፊት የያዘችው አቋም አላት። ካገኟት ግን ይንገሯት፤ የልጄ እናት በሕይወት ያለችው በእሷ እጅ ነው። ይህንንም ይጨምሩላት። በስውር የላከችው ለሆዳችን በቅቶናል፤ በሰው ሁሉ ፊት የደፋችውን ግን በሰው ፊት እንድታነሣው እጠብቃለሁ። ውለታዋን አልክድም፤ በውለታዋ ግን አፌን አልዘጋም።

በሚያዝያ የዴንጃንጉን ማሰሮ ከፈትነው። ጥቁሩን ውኃ ለብቻ አጠለልን፤ ሊጡን ለብቻ አሸነው። ወለተ ሐና ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። የእናቷ እንዳልሆነ፣ የዋግ አየርና የዋግ ጨው እንዳለበት፣ ግን ዴንጃንግ መሆኑን ነገረችኝ። አሁን በፈላ ውኃ አንድ ማንኪያ ትበጠብጥና ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመንና ድንች ትጨምርበታለች። እሷ በሩዝ፣ እኔ በእንጀራ። የአገሯን ቀይ የበርበሬ ሊጥም ሠርታለች፤ ከዚያው ከሻገተው ጡብ ዱቄት፣ ቅመም ካልነካው በርበሬ፣ ከብቅልና ከካሤ ነጭ ማር።

በዚያው ወር ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ጎረቤቶቹ ገንፎ አገንፍተው ሊያርሷት ሲመጡ፣ በገንፎው መካከል ከቅቤው አጠገብ ያንን ቀይ ሊጥ ዶለችበት። ሴቶቹ ጮኹ። ከዚያ አንዷ ነካ አድርጋ ቀመሰች፤ ከዚያ ሌላዋ። የገብረ ሊባኖስ ሚስት ሳትቀር በጾም ቀን ጭልፋ ይዛ ትመጣለች። ባሏ አያውቅም፤ ወይም ያውቃል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፤ እናቴ። ብቻዬን አልመጣም። ሦስት ሆነን እንመጣለን፤ ማሰሮውንም ይዘን። ተዝካሩ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ነው፤ ለካህናቱም ለነዳያኑም ወጡን የምትሠራው የበኩር ልጅ ሚስት ናት። ደጁ ከተዘጋብን ከደጁ ውጪ ጉልቻ ጎልተን እንሠራለን። አባቴ ዝክር ሲያወጣ የሚያየው የተራበውን ሆድ እንጂ የጠገበውን አፍንጫ አልነበረም። የራበው ይመጣል። ያልፈለገ አይብላ፤ ማንም ግን ዳግመኛ አይደፋውም። ምሳውም ሽማግሌ አስከትሎ መንገድ ላይ እንዳይጠብቀን። አንመለስም።

ይህን ስጽፍ ተቆጥቼ ነው፤ አልደብቅዎትም። ተቆጥቼም ግን ጠዋት ማታ ስምዎን ሳልጠራ ጸሎት አልጨርስም። ኪዳነ ምሕረት ጉልበትዎን ታበርታልኝ፣ ዓይንዎን ታብራልኝ፣ ለልጅ ልጅዎ ወግ ታብቃልኝ። ምርቃትዎን እፈልጋለሁ፤ የምፈልገው ግን ለሦስታችን ነው።

ልጃችን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። የዓለም ስሟን ሲሰሙ፣ እርስዎን በስም የሚያውቁት ቄስ ቀና ብለው አዩኝና «እናትህ ይህን ያውቃሉ?» አሉኝ። ስሙን የመረጠችው ወለተ ሐና ናት፤ እኔን አላማከረችኝም። በወረቀት አልጽፈውም፤ ምሳውም አያነበውም። ማወቅ ከፈለጉ ከደጅ ወጥተው እናቷን ይጠይቋት።

የበኩር ልጅዎ
ሰቆጣ፣ ሐምሌ