የድንቹ ገጽ አንድ አንባቢ

ሐሙስ፣ ኅዳር 13፣ የሚካኤል ማግስት

ዛሬስ የሥራ ባልደረባዬን ትዕግሥትን አገላብጬ ሳምኋት! የእርሻ ተመራማሪዎቻችን ብሎግ ላይ ያለው፣ ስለ ድንች አመራረት የሚጻፍበት የድንቹ ገጽ፣ አንባቢው አንድ የጉና መምህር ብቻ ነው ተብሎ ሊዘጋ ነበር። አንባቢ የምትቆጥረው እሷ ግን «ሰውዬው ገጹን ከፍቶ ሰዓት ሙሉ ምን ይሠራል?» ብላ እሑድ ጉና ወጣች። ለካ ሰንበቴ ላይ ጮክ ብሎ ለሰው ሁሉ ያነብላቸዋል! አንድ ሽማግሌማ «እነዚህ ተመራማሪዎች እኛው የነገርናቸውን መልሰው ይነግሩናል!» ብለው ሲሟገቱ ደርሳለች።

ኃላፊያችን «ታዲያ ስንት ብዬ ልመዝግብ?» ሲሏት፣ «አንድ ስልክ፣ አንድ ሙሉ ሰንበቴ ይበሉ፣ ጋሼ» አለቻቸው። ስቀው ገጹን ተዉልን። እንዴት ያለች ልጅ ናት!

ተይቤ የምለጥፈው ግን እኔ ነኝ። ለአንድ ሰው ነው ብዬ ስንቱን ፊደል ገድፌዋለሁ! መምህሩ ስንቴ በሰው ፊት ተደናቅፎብኝ ይሆን? ከእንግዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳላነብ አልለጥፍም።