አራት ደቂቃ ምሕረት

ሚያዝያ 6

ዝናብ የለም።

የሒሳብ ፈተና ነበር። ሁለት ጥያቄ ዘለልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ስልኬ ጠራ። ስክሪኑ ላይ «ወንድም ጋሼ» የሚል ወጣ። እዚያው መንገድ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከሞተ ዛሬ ሃምሳ አንድ ቀኑ ነው።

የወንድሜ የሥራ አለቃ ነበሩ። ስልኩ የሥራ ቡድኑ ነው፤ ድሮ ወንድሜ ይይዘው ነበር፣ አሁን እሳቸው ይዘውታል። «የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ሰፈራችሁ እንመጣለን፣ ለእናትህ ንገራት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስሙን ልቀይረው ከፈትኩ… መልሼ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጻፍበት?

ሚያዝያ 7

ዝናብ የለም።

ልጻፈው፣ ምናልባት ከጭንቅላቴ ይወጣ እንደሆነ።

የከተማው ፍሳሽ ሁሉ በአንድ ትልቅ ቱቦ ቁልቁል ይወርዳል። የዝናብ ውኃ ከገባበት አይችልም። ይሞላና ክዳን እየፈነቀለ፣ ከነቆሻሻው ወንዙ ውስጥ ይደፋል። የወንድሜ ሥራ ታች፣ ወንዙ አጠገብ፣ ጉድጓድ ወርዶ የቱቦውን መዝጊያ የሚያንቀውን ጨርቅና ላስቲክ መንቀል ነበር። ባልደረቦቹ «ዳክዬ» ይሉታል፤ ከውኃ አይወጣም ብለው።

ላይኛው ሰፈር፣ እኛ ጋ፣ ዝናብ ከጀመረበት ሰዓት ጎርፉ ታች እስኪደርስ ያለችው ጊዜ እነሱ ዘንድ ስም አላት። «ምሕረት» ይሏታል። «ምሕረቷ ዐሥር ደቂቃ፣ የመውጫው ደረጃ ሃያ ሁለት። አንድ ሲጋራ አጭሼ እወጣለሁ» ይል ነበር። ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም።

ያን ቀን «ላይ ጀምሯል!» ብለው ጮሁለት። «ገና ዐሥር ደቂቃ አለችኝ፣ ይቺን ልንቀላት» አለ። ውኃው በአራት ደቂቃ ደረሰ።

ስድስቱን ማን ወሰደ?

ሚያዝያ 9

ዝናብ የለም። ደመና አለ።

ማን እንደወሰደ አውቃለሁ። ቢያንስ ከሌቦቹ አንዱን።

ባለፈው ክረምት ግቢያችን ኩሬ ሆኖ ነበር። ውኃው በእማዬ መኝታ ቤት በር ሥር ገባ። «ልጄ፣ እባክህ ይሄን ውኃ አንድ ቦታ አድርግልኝ» አለችኝ። ወንድሜ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ነበር። እኔም ከአሸንዳው የሚወርደውን ቱቦ አስረዘምኩና ግቢያችን ካለው የፍሳሽ ጉድጓድ ጋር ቀጠልኩት። በሲሚንቶ መረግኩት። አሮጌ ባልዲ ደፋሁበት። በአንድ ቀን ደረቀ። እማዬ «እጅህ ይባረክ!» አለችኝ።

ወንድሜ ሲመለስ ግቢውን አየና «ቡሽ፣ ምን ተገኘ? ማን አደረቀው?» አለ። ቡሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። አትሰምጥም ለማለት።

«ፀሐይ» አልኩት።

ዛሬ ጣሪያውን ለካሁት። ስልሳ ካሬ ሜትር። ወንድሜ የሞተ ዕለት ዝናቡ ዐሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ነበር ብሏል ሬዲዮው። ሲባዛ አንድ ሺህ ሃያ ሊትር። አምስት በርሜል። ይቺን ጥያቄ አልዘለልኩም።

ሚያዝያ 10

ዝነበ።

እማዬ መስኮቱን ዘጋች፣ ሬዲዮውን ጨመረች። ዝናብ ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚያ ናት። ግን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይሰማል። ወለሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ጉሮሮውን ይጠርጋል… ኽ… ኽም። ወንድሜ ጧት ጧት በር ከማንኳኳቱ በፊት እንደሚያደርገው።

«አለሁ» አልኩ። ለማን ነው ያልኩት?

ሚያዝያ 12

ዝናብ የለም።

አለቃው እሑድም ቢሆን ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ ጎረቤታችን ባለሱቋም ነበረች። ሐሙስ ጭስ ሊነፉ ነው።

«ጭስ?» አለች ባለሱቋ። «እኛ ትንኝ ነን እንዴ?»

«ለጤና አይከፋም፣ እትዬ። መንገዱ ላይ ካለው ጉድጓድ ወደ ቱቦው እንነፋዋለን። የዝናብ ቱቦውን ከፍሳሹ ጋር ያጋባ ቤት ካለ በአሸንዳው በኩል ይወጣል። ጣሪያው ሲጋራ ያጨሳል በይው።»

ሲጋራ ሲሉ ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

«ዝናቡና ፍሳሹ ተጋብተው ነው ወንዙን የገደሉት» አሉ። «አሁን እናፋታቸዋለን። ዝናቡ ወደ በርሜልና ወደ ኩሬ፣ ፍሳሹ ወደ ማጣሪያው። ወንዙም ለብቻው ይኑርበት።»

«ንብረቱንስ ማን ይካፈላል?» አለች ባለሱቋ። እማዬ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«አለቃ» አለች፣ «ልጄን የበላውን ቤት አሳዩኝ። ሌላ ምንም አልልም። ቆሜ ልየው ብቻ።»

ራት አልበላሁም። ሆዴን አመመኝ አልኩ።

ሚያዝያ 15

የወንድሜን የብረት መጋዝ ከአልጋው ሥር አወጣሁ። መያዣው ላይ የተጠቀለለው ፕላስተር የሱ ነው።

ሚያዝያ 16

ጧት አንድ ሰዓት። እማዬ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ባልዲውን አነሳሁና ቱቦውን መቁረጥ ጀመርኩ። ቆርጬ ብደፍነው ጭስ አይወጣም። እማዬ አታይም። ማንም አያውቅም።

ግማሽ ስደርስ እጄ ዛለ። አቆምኩ።

መጋዙ አላቆመም።

እጄን አየሁት። ቆሟል። ድምፁ ግን አለ… ክርር፣ ክርር። የሱ መጋዝ ነው። ወንድም ጋሼ ልል አፌን ስከፍት ድምፁ ከአጥሩ ማዶ እንደሆነ ገባኝ። ከባለሱቋ ግቢ። ከዚያ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ። ከዚያም ከላይ፣ ከጥጉ ቤት። ሰፈሩ በሙሉ ይቆርጣል።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ዛሬ ይቆርጡታል፣ ነገ ያጣብቁታል። ምሕረቷ አራት እንደሆነች ትቀራለች። ሌላ ሰው ደግሞ ታች ሆኖ «ገና ዐሥር አለችኝ» ይላል።

መጋዙን አስቀመጥኩ።

በሦስት ሰዓት ማሽኑን አስነሱት። ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሌላውን ጣሪያ ያያል። እማዬ ለሠራተኞቹ የሚጠጣ ውኃ በትሪ ይዛ መሐል መንገድ ላይ ናት። በየጣሪያው ምንም የለም። ምንም… ከዚያ አንዱ ሠራተኛ «እዚያ!» አለ።

በመጀመሪያ በመጋዝ ከከፈትኩት ስንጥቅ ወጣ። ከዚያ በአሸንዳው ዳር ዳር፣ ነጭ፣ ቀስ ብሎ። ሽታ የለውም። የሰው ትንፋሽ ይመስላል፣ በብርድ ቀን።

እማዬ የሠራተኛውን ጣት ተከትላ ዞረች። ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት አየች። ከዚያ የኛው ላይ ቆመች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ የቀጠልኩት።»

ትሪውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች። ገባች። መስኮቱ ሲዘጋ ሰማሁ። ዝናብ ሳይኖር።

አለቃው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቤ ቁጭ አሉ። «አምስት በርሜል ነው» አልኳቸው። «ስንት ደቂቃ ይሆናል?»

እንዲያው ለማጽናናት ይዋሻሉ ብዬ ነበር። አልዋሹም።

«ያንተ ብቻ? ጥቂት ሰከንድ። ያንተ ብቻ ቢሆን ዳክዬ ወጥቶ ይስቅብህ ነበር። ስድስት ደቂቃ ለመስረቅ አርባ ቤት ይፈልጋል።» ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። «አርባ የሚሞላው ግን አንድ አንድ እያለ ነው፣ ልጄ።»

ሚያዝያ 18

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፤ ታነሳለች።

ዛሬ ከደጅ ስገባ ግቢ ውስጥ ቆማ ቱቦውን ታያለች።

«አንድ ቦታ አድርግልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች። «የት አደረግከው ብዬ ግን አልጠየቅኩህም። ደረቀልኝ፣ ዝም አልኩ።»

የከፈትኩትን ስንጥቅ በጣቴ ነካሁት።

«መጋዙን አምጣ። የጀመርከውን ጨርስ።»

ቱቦውን በሁለት እጇ ያዘችልኝ። ቆረጥኩ። ስንጨርስ ባለሱቋ አጥሩ ጋ ቆማለች። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች እንጃ።

«የኔም…» አለች። «የኔም ነበረ። ሐሙስ ጧት ነው የቆረጥኩት። ማጣበቂያውንም ገዝቻለሁ።» ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። «አንቺ ዐይኔን አትዪው።»

እማዬ የተቆረጠውን ቱቦ አጥሩ ላይ አስደገፈች። ከዚያ «ማጣበቂያውን መልሺው» አለቻት። «በምትኩ በርሜል ግዢ።»

ግንቦት 3

ትንሽ አካፋ።

ከባለሱቋ በኋላ ጎረቤቶቹ ጥፋታቸውን ሊናገሩ አንድ በአንድ መጡ። አንዳንዱ ማታ ለአለቃው ደወለ፣ አንዳንዱ ሚስቱን ላከ። ሠላሳ አራት ቤት ደርሰናል። በየግቢው ሁለት ሁለት በርሜል። የተረፈው በመንገዱ ዳር በአዲሱ ቦይ ይሄዳል። ቦዩ መጨረሻው የት ይመስላል? የኛ ትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ። ዝቅተኛውን ጎን ቆፍረው ኩሬ አደረጉት፤ ውኃው እዚያ ቆይቶ፣ ደለሉ ረግቶ፣ ቀስ ብሎ ወንዝ ይገባል። በረኛችን «የጎል ብዛት በዋና ይቆጠር» አለ። ሳቅኩ። ስቄ ደነገጥኩ።

ግንቦት 21

ዝነበ። መታጠቢያ ቤቱ ቀዳዳ ጋ ሄጄ ጠበቅኩ።

ዝም አለ። ጉሮሮውን አልጠረገም።

ይሄን ፈልጌ አልነበር? ታዲያ ለምንድነው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት…

ሰኔ 4

ዝናብ አለ።

አለቃው ከጧት ጀምሮ ታች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል። ማንም አልወረደም። ምሕረቷን ሊለኩ ነው። ላይ ሆኖ የሚነግራቸው እኔ ነኝ። ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ዝናቡንም የሚያይ ሰው እፈልጋለሁ አሉ።

የመጀመሪያው ጠብታ በርሜሉ ክዳን ላይ ሲያርፍ ስልኩ በእጄ ነበር። «ወንድም ጋሼ» የሚለውን ስም ነካሁት። እስካሁን አልቀየርኩትም። እንዲህ ሆኖ ይኑር።

«ጀመረ» አልኩ።

«እሺ። ቁጠር።»

በርሜሎቹ መሙላት ጀመሩ። ሁለት ደቂቃ። ሦስት። እማዬ መስኮቱ ጋ መጥታ ቆመች። አራት ስል የመስኮቱን እጀታ ያዘች። ትዘጋዋለች ብዬ ነበር። ወለል አድርጋ ከፈተችው።

አምስት። ስድስት። በስልኩ ውስጥ የሚሰማኝ የአለቃው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ።

«መጣ!» አሉ።

ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።

ማናችንም ስልኩን አልዘጋንም። «ሃያ ሁለት ደረጃ» አልኩ በመጨረሻ።

«አዎ» አሉ አለቃው። «ቀስ እያለም ይወጣ ነበር።»