ቀስ በይ፣ አባትሽ ተኝቷል

የካቲት 3

ሌሊቱን ምድጃው ሲያስቸግረን አደረ። ግማሹ ዳቦ አረረ፣ ግማሹ ሳይበስል ወጣ። አለቃዬ ጠዋት መጥቶ ተነጫነጨ። ይነጫነጭ... እኔ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ ተመስገን ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ኮሽ የሚል የለም። ዳቦ ስጋግር አድሬ እኩለ ቀን ላይ ስተኛ፣ ልጄ ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሳሎን ታጠናለች። ጠረጴዛውን አናጺ ጋ ያሠራሁት ለሷ ነው፣ መስኮቱ ሥር። ለአንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? የጎረቤት ልጆች እየተጯጯሁ ነው የሚያጠኑት፣ ያ ጥናት ከተባለ። የኔ ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። ለጥ ብዬ ተኛሁ።

የካቲት 5

አስተማሪዋ እኔንና እናቷን አስጠራችን። ድንቢጥ አታነብም አለች። ተነስተሽ አንብቢ ስትባል ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ልጆቹ ይስቁባታል። ሰኔ ላይ ክፍል ፊት ቆማ ካላነበበች ሦስተኛን ትደግማለች።

ደሜ ፈላ። እኛ ቤት ዝንብ እንኳ ድምፅ አታሰማም፣ በሰላም ነው የምታጠናው ብዬ ተከራከርኩ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም።

«ጮክ ብላ ስታነብ ሰምተዋት ያውቃሉ?»

«እንዴታ» አልኩ።

መንገድ ላይ እናቷን፣ አንቺስ ሰምተሻት ታውቂያለሽ አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ እርምጃዋን አፈጠነች። ልጅቷ አፏን ስትፈታ ከጠዋት እስከ ማታ ትንጫጫ ነበር እኮ... ድንቢጥ ያልኳትም ለዚያ ነው። መቼ ነው ዝም ያለችው?

የካቲት 6

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ በበሩ ክፍተት አየኋት። መጽሐፉ ተዘርግቷል፣ በአንድ እጇ አፏን ይዛለች። ከእጇ ሥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ገጽ ስትገልጥ መጀመሪያ የኔን በር ታያለች፣ ከዚያ ወረቀቱን ቀስ... እንደ ሌባ።

አፍሽን ለምን ትይዣለሽ አልኳት። ደነገጠች።

«እንዳልቀሰቅስህ ነው፣ አባዬ።»

ቀስ በይ፣ አባትሽ ተኝቷል... ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው። ለካ ቤተ መጻሕፍት እያልኩ የምኮራበት ቤት የኔ መኝታ ቤት ኖሯል።

የካቲት 7

ጮክ ብለሽ አንብቢ አልኳት። አቃታት። ደገምኩላት። ድምፅ የለም። ሳላስበው ጮህኩባት፣ እሷም አለቀሰች። እናቷ ከኩሽና መጥታ፣ አሁን ደግሞ በጩኸት ልታስነብባት ነው አለችኝ። ገብቼ ተሸፋፈንኩ።

የካቲት 12

ጠረጴዛውን መኝታ ቤት አስገባሁት፣ አልጋዬ አጠገብ። በበሩ አላልፍ ብሎ እግሮቹን ነቅዬ ነው። በመዶሻ መልሼ ስመታቸው አንዱ ተጣመመ፣ አሁን ይንገዳገዳል። እናቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ድንቢጥን፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል፣ እያነበብሽ አስተኚኝ፣ ካቆምሽ ግን እነቃለሁ አልኳት። ግራ ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ሌላ ነው። ስለ እንቁራሪት የሚያወራ ገጽ አወጣች። ሹክሹክታ ነበር... ግን ሰማኋት።

የካቲት 16

እሷ ስታነብ እኔ አልተኛም። ሌሊት ቆሜ እያንቀላፋሁ ሊጡ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ። አለቃዬ፣ ከደገምከው ሌላ ጋጋሪ እፈልጋለሁ አለኝ። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

የካቲት 17

እናቷ ሰጋች። ኩሽና እኔ ጋ ታንብብ፣ አንተ ተኛ አለች። እውነቷን ነው፣ ሥራዬን ካጣሁ ምን ልንበላ? ድንቢጥን ጠየቅናት። ጣቷን ስታፍተለትል ቆየች።

«እማዬ ሥራ እየሠራች ነው የምትሰማኝ። አባዬ ግን ዝም ብሎ ይሰማኛል።»

በቃ። ጠረጴዛው እዚያው ይቆያል።

መጋቢት 4

ሙሉ ገጽ! እንቁራሪቷን አልፈን ዝናብ ላይ ደርሰናል። ዓይኔ ግን እንደ ፍም ቀልቷል።

መጋቢት 21

ተኛሁ። እያነበበችልኝ ተኛሁ! ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ እሷ አሁንም ታነባለች። ለተኛ ሰው። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ነጋዴ በወፍራም ድምፅ፣ ሚስቱን በቀጭን።

ጎረቤታችን በር አንኳኩታ ልጅቷ ምን ሆና ነው የምትጮኸው ስትል ሰማሁ። እናቷ እያጠናች ነው አለቻት፣ ኮራ ብላ። ሌሊት ሊጡ ላይ ጨው አንዴ ብቻ ጨመርኩ።

ሰኔ 9

ዛሬ ነበር ቀኑ። ቤት ሳልገባ፣ ዱቄቴን ሳላራግፍ ሄጄ ክፍሏ መስኮት ሥር ቆምኩ። ጥበቃው አየኝና ተወኝ።

ተራዋ ደረሰ። ዝም... ረዘመ። ምነው? አንዱ ልጅ ኪኪኪ አለ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ መጀመሪያ ቀጭን፣ እየቆየ ግቢው ድረስ። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ቤት ስትመጣ፣ ሲስቁብሽ እንዴት ቻልሽ አልኳት።

«ካቆምኩ ትነቃለህ ብዬ ነዋ።»

ሐምሌ 2

አራተኛ ክፍል አልፋለች። ትናንት አክስቷ ጋ ሄደች፣ ክረምቱን እዚያ ልትሰነብት።

እኩለ ቀን ላይ ተኛሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። እናቷ በባዶ እግሯ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ተገላበጥኩ። ትራሱን አዞርኩ። ሬዲዮ አስከፈትኩ፣ አስዘጋሁ። እናቷ መጥታ፣ ምን ነክቶሃል፣ ኮሽ ያለ ነገር የለ አለችኝ።

እሱ ነው እኮ አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የሚንገዳገደው ጠረጴዛ ጋ ሄዳ ጠባቧ ወንበር ላይ እንደምንም ተቀመጠች፣ መጽሐፉን ገለጠች። እንቁራሪቷን አወጣች። በሹክሹክታ ጀመረች፣ የለመደባት።

«ጮክ በይ» አልኳት፣ «ልተኛ ነው።»