የናዋቡ ቴምብር

ድሬ ዳዋ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንደምን ነው? ባለቤትሽስ? ሕፃኑስ ሳሉ ተወው? እኔ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ በሰውነቴ ደኅና ነኝ። በአንድ ቀበሌ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ይህን ነገር ፊትሽን እያየሁ ልናገረው አልተቻለኝም።

አሁን ባለሽበት ቤት ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ኡባህ፣ ሕንዳዊው ባላቸው ዓብዱልአዚዝ ሲሞት፣ ቤቱ ይጸናላቸው ዘንድ የጋብቻ ወረቀታቸውን ለፍርድ ሸንጎው አቅርበው ነበር። ከጣሊያን ጦርነት በፊት ባልየው ወደ ትውልድ አገሩ ወስዷቸው ያስጻፈው ነው። በግርጌው በተለጠፈው የቀረጥ ቴምብር ላይ ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ይታያል። እኔም የሸንጎው ሰብሳቢ እንደ መሆኔ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቼ መረመርሁና፣ «ሕንድ በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ነበረች። በአንድ አገር ሁለት ንጉሥ ቀረጥ አይቀበልም። ይህ ሐሰተኛ ነው» ብዬ ፈረድሁ።

ሴትዮዋ፣ «ዋላሂ የኔታ፣ ንጉሡን የማታውቀው አንተ፣ ከቤት የምወጣው እኔ!» አሉኝ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ስለ ድፍረታቸው ገሠጽኋቸው፤ ቤቱም ተለቅቆ ለእናንተ ተሰጠ።

ባለፈው ሳምንት ነገሩን ለጎረቤቴ ለሕንዳዊው የሒሳብ መምህር እንደ ጨዋታ አነሣሁለት። አልሳቀም። ከሣጥኑ የአባቱን የመሬት ውል አውጥቶ አሳየኝ፤ በቴምብሩ ላይ ያለው የባሕር ዛጎል ነው፣ የእንግሊዝ ንጉሥ በዚያ የለም። «የኔታ፣ እንግሊዝ ከላይ ነበረ፤ ከሥሩ ግን ከአምስት መቶ የሚበልጡ ገዢዎች ነበሩ። ራጃውም ናዋቡም በየግዛቱ ይፈርዳል፣ ግብር ያስገባል፣ ቴምብር ያሳትማል። የተጠቃለሉት ሕንድ ነፃ ስትወጣ ነው። ያ ጥምጥም ያለው ሰው ናዋብ ነው» አለኝ። ከዚያም፣ «ምነው ያን ጊዜ አልጠየቁኝም? አጥራችን አንድ አይደለም እንዴ?» አለ።

ውሉን አጥፌ መለስሁለት። ፍርዱ ሊሰጥ ባለበት ሰሞን አንቺ፣ «አባባ፣ ያ ባለ ሰፊ በረንዳ ቤት ቢለቀቅ ለእኛ ይሆነን ነበር» ብለሽኝ ተቆጥቼሻለሁ። በእውነት ተቆጥቼ ነበር። በማግሥቱ ግን መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ሲለኝ፣ ስለ ቴምብሩ ሳልጠይቀው እጅ ነሥቼ አለፍሁ።

ትናንት ወይዘሮ ኡባህ ወደ ተጠጉባት ወደ እኅታቸው ልጅ ወደ ዳሃቦ፣ መልካ ጀብዱ መንደር ድረስ ሄጄ ነበር። የሚተኙት ኩሽናው ውስጥ ነው። ይቅርታ ስለምናቸው፣ «ይቅርታውን ለአላህ ንገረው፤ ለእኔ ቁልፌን አምጣ» አሉኝ። ቁልፉ ደግሞ በአንቺ እጅ ነው።

ሸንጎው ሐሙስ ይሰበሰባል። ፍርዴ እንዲሻር ቆሜ እናገራለሁ፤ ከወንበሩም እወርዳለሁ። አንቺ ግን አስወጪ እስኪመጣብሽ አትጠብቂ። ቤቴ ብትጠብም አልጋዬን ወደ ጓዳ አዛውሬ ክፍሉን ለቅቄላችኋለሁ። ባለቤትሽ ምክንያቱን ቢጠይቅሽ፣ «አባቴ ተሳሳተ» በዪው። ከዚያ የሚከፋውን ቃል ለእኔ ተዪልኝ።

እግዚአብሔር ልጅሽን በቅን ያሳድግልሽ፤ አንቺንም በእኔ ምክንያት አንገት ከመድፋት ይሰውርሽ።

አባትሽ