ስለ እኔ የተጾመ ጾም

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመምህር ወልደኪዳን
ጂንካ

ወልዴ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። በስልክ የልቤን ልነግርህ ስጀምር «እግዚአብሔር ያበርታሽ፣ ጉባኤ ልገባ ነው» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ እንደ ስልክ መሃል ላይ አይዘጋምና ወደዚያ ለሚወርድ ሹፌር ሰጥቼልሃለሁ።

እናትህን ከአንኮበር ስናመጣቸው የሆነውን ታውቀዋለህ። ግማሽ ጎናቸው ሲያዝ «እኔ ለአገልግሎት ተጠርቻለሁ፣ አንቺ ደግሞ እዚህ ተጠርተሻል» አልከኝ። እኔም ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ወጣሁ። ማጠቡን፣ ማገላበጡን፣ ማጉረሱን አልቆጥርብህም። ብቻዬን ማንሣት ሲያቅተኝ ባዩሽ ትደርስልኛለች። ባዩሽ ከወለጋ ተፈናቅላ እዚህ መጠለያ ውስጥ የምትኖር ሴት ናት፤ ልብስ ልታጥብልኝ መጥታ በዚያው ወዳጅ ሆንን።

የካቲት ሊያልቅ ሲል የድሮ አለቃዬ ስንታየሁ ቤት ድረስ መጣ። «የፈረቃ ኃላፊ ቦታ ተከፍቷል፤ ከአንቺ ሌላ ሰው አልታየኝም» አለኝ። «አማቴን ለማን ትቼ?» ብዬ ከበር መለስኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። እናትህ የሰሙ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲህ ምግብ እየቀነሱ መጡ። «ጾም ነው፣ ልጄ» ይላሉ። ቄሱ ለበሽተኛ ፈቅደዋል ስላቸው «እኔ አልፈቀድኩም» ብለው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። አጥንታቸው ተቆጠረ። እኔ ሞኟ በጽናታቸው ተገርሜ ለጎረቤት እመሰክርላቸው ነበር።

እውነቱን ያወጣችው ባዩሽ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ደጅ ጠበቀችኝ።

«ሰናይት፣ እኚህ ሴት የሚጾሙት ሁዳዴን አይደለም። ‹ሥራዋ ሳያመልጣት ቶሎ ልሂድላት› ነው የሚሉኝ። እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መሐላዬን አፍርሻለሁ።»

ዘንቢሉን እዚያው ጥዬ ገባሁ። ጮኽኩባቸው። አዎ፣ በእናትህ ላይ ጮኽኩ።

«ማን ጠየቀዎት? ይሙቱልኝ ብያለሁ?»

ምላሳቸው ቢጎተትም እያንዳንዱ ቃል ተሰማኝ። «ክርስቶስስ ማን ጠይቆት ሞተ?»

«እሱ ተነሣ! እርስዎ ቢሞቱ ማን ሊነሣልኝ ነው?»

«ሸክም ሆንኩብሽ» አሉኝ።

«ሆነውብኛል። ከብደውኛል። ግን ወድጄ ነው የተሸከምኩዎት። ከትከሻዬ ልውረድላት ብለው ገደል አይግቡብኝ!»

ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። አልቅሰንም አልተስማማን። «ሥራውን ካልያዝሽ አልቀምስም» አሉ። እኔም «እርስዎን ጥዬ የምሄድበት ሥራ ይቅርብኝ» አልኩ። ሽሮው ቀዘቀዘ። ባዩሽ በር ላይ ቆማ ስትሰማን ኖሮ «ኧረ እናንተ ሰዎች!» ብላ ገብታ ሳህኑን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«እኔ እናቴን እንኳ ሳልቀብር ነው አገሬን ለቅቄ የወጣሁት። አሁን እናንተ ለመሞት ትሽቀዳደማላችሁ? ቀን ቀን እኔ አብሬያቸው እሆናለሁ፤ አንቺ ሥራሽ ሂጂ። እማማ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

ከፈቱ። ወልዴ፣ ያቺ ጉርሻ ስትገባ አይቼ ሁለተኛዋን እኔ ጠቀለልኩ።

ከደመወዜ ድርሻዋን እሰጣታለሁ፤ እንቢ ብትልም አሸንፌያታለሁ። ስንታየሁ ቦታውን ለማንም አልሰጠውም ነበር። ነገ እገባለሁ። ፈቃድ አልጠየቅኩህም፤ እንድታውቀው ያህል ነው።

የሰሞኑን ስብከትህን ሰዎች በስልካቸው አሳዩኝ። ራስን ስለ ወዳጅ አሳልፎ ስለመስጠት ስታስተምር ሕዝቡ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ በንዴት ነው። የምትናገርለት ፍቅር እዚህ ቤት ይሸታል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ይነጫነጫል። አንዳንድ ቀን እኔም ሳህኑን ሳስቀምጥ ጎረቤት እስኪሰማ አጋጨዋለሁ። እንዲህ ያለውንም እግዚአብሔር ይቀበለው እንደሆነ የምታውቀው መምህሩ አንተ ነህ፤ እንዳልጠይቅህ ግን አጠገቤ የለህም። እዚህ ቤት አሮጊቷ ለእኔ ልትሞት ተነሣች፤ ሁሉን ያጣችው ሴት ጊዜዋን ሰጠችን። አንተን ሙትልን ያለህ የለም። ና፣ ትራሳቸውን አቃናላቸው ነው ያልንህ።

ተቆጥቼ ጻፍኩ፤ ግን አልቀደውም። እዚያ ሙቀቱ እንዴት አድርጎህ ይሆን? ወባ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አጎበር ሳትዘረጋ እንዳትተኛ።

ትናንት እናትህ «ወልዴ ደወለ?» አሉኝ። አልደወልክም። እኔ ግን «ደውሏል፤ ጉልበትዎን ስሞልዎታል» አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝና በደኅናው እጃቸው እጄን ያዙኝ።

«የዋሸሽበት ኃጢአት በእኔ ይሁን፣ ልጄ» አሉኝ።

የምታስተምረው ፍቅር አንተንም ያግኝህ። ለትንሣኤው ሁላችንንም በአንድ ገበታ ያድርሰን።

ሚስትህ
ሰናይት