እምምም የሚለው ማጫወቻ

የካቲት 3፣ ሰኞ
ተላጨሁ። ዳቦ ገዛሁ። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ የሸክላ ማጫወቻውንና ማጉያውን ፊታቸውንም ጀርባቸውንም ወለወልኩ። አቧራው ጉድ ነው! ከኋላ የባለቤቴን የፀጉር ማስያዣ አገኘሁ። ያቺን ጥቁር ቀጭን ብረት። እዚያ ምን ወሰዳት? ሴትዮዬ መቼም ያልጣለችበት ቦታ የለም... ትራስ ሥር፣ ጫማዬ ውስጥ፣ አንዴማ ሾርባ ውስጥ። ደረት ኪሴ ከተትኳት።

ማታ ልጄ ደወለች። እሁድ ልጇን፣ ትንሿን፣ ይዛ ልትመጣ ነው። "አባዬ፣ የእማዬን ሸክላ እናሰማታለን። በስልኬም እቀዳዋለሁ።" ትንሿ የአያቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ይቺ ሳትወለድ ነው ያረፈችው። ሸክላው ላይ ሦስት ሴቶች ዘፋኙን ይቀበላሉ፤ ቀጠን ያለው ድምፅ የኔዋ ነው። ሌላ የቀረ ድምፅ የላትም። ፎቶ ሞልቷል... ፎቶ ይናገራል እንዴ?

የካቲት 4
ለእሁድ ልሞክረው ብዬ ከፈትኩት። እምምምም... ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ። ዘፋኙ ይሰማል፣ ጉሮሮው ሰፊ ነው። የሷ ግን ተውጧል። ባለፈው ሳምንት ደህና አልነበር? ስላጸዳሁት ደስ ሊለው ሲገባ!
መርፌውን በብሩሽ ጠረግኩ። እምምም። ከማቀዝቀዣው አራቅኩት። እምምም። ሶኬት ቀየርኩ። ያው ነው።

የካቲት 5
ጎረቤቴ ሾፌሩ መጣ። እሱ ጡረታ ወጥቷል፣ አፉ አልወጣም።
"ጆሮህ ቢሆንስ፣ ሽማግሌው?"
"መኪናህ ሲያቃስት ጆሮህን ነበር የምታስጠግነው?" አልኩት።
ከፍቼ አሰማሁት። "ኧረ ይጮኻል!" አለ። "ለልጅህ ንገራት እንጂ። ከእናቷ ጋር እየከፈተች ያደገች ልጅ..."
እምቢ። ያን ሁሉ ግድግዳ ያቆምኩ ግንበኛ፣ አንድ ሳጥን አቅቶኝ ልጄን ልጥራ? ደግሞ "ብቻህን አትችልም፣ እኔ ጋ ና" የምትለውን ልትጀምርልኝ።

የካቲት 6
ጉድ ነው ዛሬ! የማጫወቻውን የብረት ጠርዝ በጣቴ ስነካው ዝም አለ። ሳነሳ እምምም። ስነካ ዝም። አንድ ዘፈን ሙሉ ጣቴን ተክዬ አዳመጥኩ። ሰማኋት።
ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ሳቀብኝ። "እሁድም እንዲህ ትኩሳቱን እየለካህለት ልትውል ነው?"
ይሳቅ። ግን ልጅቷ ፊት እንዲህ ልቀመጥ? ጣቴም ይዝላል። ሲላላ እምምታው ይመለሳል... ልጄ የምትቀዳው እሱን ነው?

የካቲት 7
ደወልኩ። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ካስቀመጥኩ በኋላ።
"ማጫወቻው እምም ይላል" አልኳት። ስለ ዝናብ እንደማወራ አስመስዬ።
"አባዬ፣ ከኋላ አረንጓዴ ሽቦ ተንጠልጥላለች?"
ሄጄ አየሁ። ተንጠልጥላለች። እኔ ትርፍ መስላኝ ነበር።
"ማጉያው ጀርባ ላይ መታሰር አለባት። ብሎኑ ድሮ ጠፍቶ እማዬ በፀጉር ማስያዣዋ ነበር የያዘቻት። እሷ ስትላቀቅ ነው የሚጮኸው። ማስያዣዋን አይተሃል?"
ደረት ኪሴን ዳበስኩ። ወድቃ ነው ያልኳት ሥራ ላይ ነበረች ለካ...
"ኪስህ ውስጥ ናት አይደል?" አለች ልጄ። አልሳቀችም። ታውቀኛለች።
"ናት።"
"ተዋት በቃ፣ ከኪስህ አትውጣ። ሌላ ማሰሪያ ይዤ እመጣለሁ።"
"የናትሽን ሥራ በሌላ አላስይዝም" አልኩ። ዘጋሁት። ከዘጋሁ በኋላም ቶሎ አላወጣኋትም።

የካቲት 9፣ እሁድ
ማስያዣዋ ሽቦዋን ይዛለች፤ እምምታው ጠፋ! የሸክላው ጭርጭርታ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱ የዕድሜ ነው፣ እኔም አለብኝ። ትንሿ ጆሮዋን ለጠፈች። "የቷ ናት አያቴ?" "ቀጭኗ።" ሰማች፣ ሰማች... "እንደ እማዬ ነው የምትዘፍነው" አለች። ሾፌሩ እንኳ አፉን ዘጋ። ልጄ ስልኳን ይዛ ቀዳችው፤ ዓይኗን ግን ወደ መስኮት አዞረች።
ሲያልቅ ጨርቅ አነሳች። "አቧራውን ልጥረግልህ?"
"ከኋላው እንዳትነኪ!" ብዬ ጮህኩ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ።

የካቲት 10
ጠዋት ደረት ኪሴን ዳበስኩ። ባዶ። ተነስቼ ሸክላውን ከፈትኩ።
ከዚያ ልጄ ጋ ደወልኩ። "ምን ተበላሸ፣ አባዬ?" አለች ደንግጣ።
ምንም አልኳት። ምንም አልተበላሸም።